ቤት ስለሌላቸው ሰዎች የምንሠራው ሙዚቃዊ ድራማ፦ መጨረሻው ላይ ቁልፍ ይሰጠው ወይስ አይሰጠው?

የማለዳ ዜማ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ።

ከተለያዩ የእምነት ቤቶች የተሰባሰብን ሰዎች ስለ ቤት አልባነት አንድ ሙዚቃዊ ድራማ እያዘጋጀን ነው። ሙያተኛ የለንም ማለት ይቻላል። እኔ ግጥምና ዜማ እጽፋለሁ፣ አንድ ጡረተኛ መምህር ያዘጋጃል፣ የቀረው ድምፁን ይዞ የመጣ ሰው ነው። ከተዋናዮቹ ግማሾቹ በመጠለያ ያሉ ወይም የነበሩ ሰዎች እንዲሆኑ እንፈልጋለን።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዝናብ ያባረራቸው አምስት ሰዎች በአንድ የእምነት ቤት ምድር ቤት ያድራሉ። መብራት ይጠፋል። እስኪነጋ ድረስ እየተራ ታሪካቸውን ይናገራሉ፤ ንግግሩ እየሞቀ መዝሙር ይሆናል፣ ሌሎቹም ይቀበሉታል። አንዱ ከሥራ የተባረረ አናጺ ነው። ከባሏ ሸሽታ የወጣች እናት፣ ዕድሜው ሞልቶ ከማሳደጊያ የተሰናበተ ወጣት፣ ጡረታዋ ለኪራይ ያልበቃት አሮጊት፣ እና ስሙን የማይናገር አንድ ሰው አሉ። በመጨረሻው ትዕይንት አናጺው ንስሐ ገብቶ፣ መጠጥ ትቶ፣ የቤት ቁልፍ ይሰጠዋል። ሁሉም ቁልፉን ወደ ላይ አንሥተው ይዘምራሉ።

የተጣላነው ሁለት ነገር ላይ ነው። ታሪካቸውን የሚሰጡን ሰዎች ራሳቸውን ይጫወቱ ወይስ ሌላ ሰው ይጫወትላቸው? ሌላው ቁልፉ ነው። ግማሾቹ «ቁልፉ ከቀረ እምነቱ የት አለ? ሰውን ተስፋ ሳይሰጡ መሸኘት ኃጢአት ነው» ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ ውሸት ይመስላል ይላሉ። እኔ መሀል ላይ ቀርቻለሁ።

እንዲያው ልጠይቅ

ሦስተኛ ጥያቄ ልጨምርልሽ፤ ለማን ነው የምትሠሩት? ቤት ላለው ተመልካች ከሆነ ውጤቱን ከአሁኑ ልንገርሽ። ሰውየው ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፣ አናጺው ሲዘምር ዓይኑን ይጠርጋል፣ ቆሞ ያጨበጭባል፣ ከዚያ በሩ ላይ የተኛውን ሰው ተራምዶ ይሄዳል። አልቅሶ የወጣ ሰው ዕዳውን የከፈለ ይመስለዋል። ክፉ ልናገር ብዬ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ አይቻለሁ።

ተስፈኛ

አንተ ደግሞ! ያለቀሰ ሁሉ ግብዝ ነው እንዴ? እኔ እንዲህ ያለ ትርኢት አይቼ ነው በጎ ፈቃደኛ የሆንኩት። ቁልፉ ይሰጠው! ሰው የሚመጣው ተስፋ ሊሰማ ነው፤ ጨለማውንማ በየዜናው ያየዋል።

መጋረጃ ጀርባ

የማለዳ ዜማ፣ የቁልፉ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ 300 ዓመት ሊሞላው ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1728 ለንደን ውስጥ በታየው የጆን ጌይ «የለማኙ ኦፔራ» ላይ የድራማው ደራሲ ሆኖ የሚቀርበው ገጸ ባሕርይ ራሱ ለማኝ ነው። ሽፍታው ጀግና ሊሰቀል ሲል አንድ ተዋናይ ይገባና «ኦፔራ በደስታ ነው ማለቅ ያለበት» ብሎ ይሟገታል። ለማኙም እሺ ይላል፤ ምሕረት ይወርዳል። ይህ ሁሉ የከተማውን ሰው ጣዕም ለመጠበቅ መሆኑ ግን እዚያው መድረክ ላይ ይነገራል። ጌይ ቢያንስ አልደበቀውም። የናንተ ቁልፍ የተደበቀ ምሕረት እንዳይሆን ነው የምፈራው።

«እንዲያው ልጠይቅ» ላነሣው ደግሞ መልስ አለ። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ተመልካቹ ተቀምጦ እንዲያለቅስ አልፈለገም። እሱ ባዳበረው ፎረም ቴአትር በደል የሚታይበትን አጭር ትዕይንት አንዴ እስከ መጨረሻው ይጫወቱታል። ከዚያ እንደ አዲስ ይጀምሩታል። በዚህኛው ግን ማንም ተመልካች «ቁም!» ብሎ መድረክ ላይ መውጣት፣ የተበደለውን ሰው ቦታ መያዝና ሌላ መንገድ መሞከር ይችላል። ወንበር ላይ ሆኖ «እኔ ብሆን ኖሮ» ማለት የለም፤ ወጥተህ ትሆናለህ። ቦአል በ1971 በወታደራዊው መንግሥት ታስሮ ተሠቃይቶ ከአገር ወጣ። ከተመለሰ በኋላ ከ1993 እስከ 1996 የሪዮ ዴ ጄኔሮ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ፣ ከእንዲህ ያሉ መድረኮች የፈለቁ ሐሳቦችን ይዞ 13 ሕጎች አስጸድቋል። ለንደን ያለው ካርድቦርድ ሲቲዝንስ የተባለ ቡድን ከ1991 ወዲህ በዚህ ስልት ቤት አልባነትን ካዩ ሰዎች ጋር ሲሠራ ኖሯል።

ስለዚህ አንዲት ትዕይንት ብቻ እንዲህ ክፈቱ፤ አሮጊቷ ጡረታዋን ይዛ ከቢሮ ጠረጴዛ ፊት የቆመችበትን። ያ ዓይኑን ሲጠርግ የነበረው ሰውዬ ተነሥቶ እሷን ሆኖ ይሞክራት። ጠረጴዛው እንዴት እንደማይታለፍ በራሱ ላይ ያየዋል።

ማን ይጫወት ለሚለው፦ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቤት አልባዎች በሚበዙበት በስኪድ ሮው ሰፈር ጆን ማልፒድ በ1985 የመሠረተው ቡድን አለ፤ አባላቱ በአብዛኛው እዚያው የሚኖሩ ወይም የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ አሁንም አለ። «ይችላሉ ወይ?» የሚባል ጥያቄ ከተነሣባችሁ መልሱ ከዚያ ወዲህ ተመልሷል።

እንዲያው ልጠይቅ

ይችኛዋን ትዕይንት ለማየት እመጣለሁ። ግን ሙዚቃዊ ድራማ መሀል ላይ ኦርኬስትራ አስቁሞ ሕዝብ ማስወጣት ይሆናል?

መጋረጃ ጀርባ

ኦርኬስትራው ይኑራቸውና ያኔ እንጨነቅለታለን።

መንገደኛዋ

ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ይህን ግን ማለፍ አቃተኝ። መጠለያ ውስጥም ከመጠለያ ውጭም ኖሬያለሁ።

ታሪክ መናገር ለናንተ ጥበብ ነው፤ ለኛ ክፍያ ነው። መጠለያ ስትገቢ ፎርም የያዘችው ልጅ «ምን ሆነሽ ወጣሽ?» ትልሻለች። ምግብ የሚያድሉት ይጠይቁሻል። ነርሷ፣ ጉዳይሽን የያዘው ሰውዬ፣ ጋዜጠኛው፣ ሊጸልይልሽ የመጣው ወንድም፤ ሁሉም እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ታሪክሽን ይፈልጋል። ደጋግመሽ ስትናገሪው የቱ ጋ ስትደርሺ ሰው እንደሚራራ ታውቂያለሽ። ልጅሽን ስታነሺ ፊታቸው ይለወጣል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ልጅሽን ታስቀድሚያለሽ። የሚያስቀይማቸውን ትዘያለሽ። አንድ ቀን ራስሽን ስትሰሚው እንደ ተቀረጸ ካሴት ይሆንብሻል። ሆኖብሽ ነበር፤ አሁን ግን የነሱ ነው።

እናም የናንተ ቡድን ሌላ ጠረጴዛ እንዳይሆን እፈራለሁ። «ታሪክሽን ንገሪንና መዝሙር እናደርገዋለን» ካላችሁኝ የተለማመድኩትን ነው የምሰጣችሁ። መጀመሪያ ዘፈን አስተምሩኝ። ወይ እኔ የማውቀውን ላስተምራችሁ። ታሪኩ የሚመጣ ከሆነ በልምምድ ዕረፍት ላይ፣ ወንበር ስናነሣ፣ ማንም ሳይጠይቅ ይመጣል። ያኔም ይግባ አይግባ የምወስነው እኔ ልሁን።

ደግሞ አምስቱም ያለቅሳሉ። የሚስቅ ሰው የለም? መጠለያ ውስጥ ያለውን ቀልድ ብትሰሙት! አንዲት እናት ነበረች፤ ማታ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ድምፅዋን አክብዳ፣ «ነገ ቁርሴን አልጋዬ ድረስ አምጡልኝ፤ ከዘጠኝ ሰዓት እንቅልፍ በፊት እንዳትቀሰቅሱኝ» ትላለች። ገና በማለዳ ውጡ እንደምንባል ሁላችንም እናውቃለን። በጨለማ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳቅ ነበር። አሮጊታችሁን እሷን አድርጉልኝ።

የማለዳ ዜማ

መንገደኛዋ፣ እህቴ፣ ያንቺን አትሜ ለቡድኑ ይዤ እሄዳለሁ፤ ከፈቀድሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ካልተመቸሽ ዝለይው። አንቺ ብትሆኚ ራስሽን ትጫወቺ ነበር?

መንገደኛዋ

አትመሽ ውሰጂው፤ ስለጠየቅሽኝ።

ራሴን አልጫወትም። የኔን ሌላ ሰው ይያዝልኝ፣ እኔ የሌላውን እይዛለሁ። የራሴን ሕይወት በየምሽቱ ሰው ፊት እያወጣሁ ማልቀስ ትወና አይደለም፤ ያው ፎርም መሙላት ነው። ሌላ ሰው ስሆን ግን ልዋሽ፣ ልቀልድ፣ ልቆጣ እችላለሁ። አንዳንዱ «የኔን ራሴ ካልሆንኩ» ይል ይሆናል፤ እሱንም አትከልክሉት። ጠይቁ ብቻ። ለኔ ስሙን የማይናገረውን ስጡኝ።

ተስፈኛ

ሴት ሆነሽ?

መንገደኛዋ

መብራት ጠፍቷል ተብሏል እኮ።

ምንባብ

ልጆቼ፣ እኔ ለመድረክ ሥራ እንግዳ ነኝ፤ የማስተምረው መጻሕፍት ነው። ስለዚያ አምስተኛ ሰው ግን ልበል።

ሉቃስ ምዕራፍ 16 ላይ የባለጠጋውና የድኻው ምሳሌ አለ። በምሳሌዎቹ ውስጥ በስም የተጠራ ድኻ እሱ ብቻ ነው፤ አልዓዛር። ባለጠጋው ግን ስም የለውም። ዓለም የሚያደርገው ተገልብጧል። ይሁንና አንድ ነገር አስተውሉ፤ አልዓዛር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አይናገርም። ባለጠጋው ይናገራል፣ አብርሃም ይመልስለታል። ባለጠጋው በሥቃይ ውስጥ ሆኖ እንኳ አልዓዛርን አያነጋግረውም፤ «አልዓዛርን ላክልኝ» ይላል። እዚያም ሆኖ ተላላኪ አድርጎ ነው የሚያየው። የናንተ ሰውዬ ቃል አለው፣ ስም የለውም። ስሙን ማን ወሰደበት? ወይስ ራሱ ነው የከለከለው? ደራሲዋ ይህን ታውቃለች?

ስለ መጨረሻውም፤ በደስታ ያልተዘጋ ነገር ከእምነት ውጭ ነው የምትሉ መዝሙር 88ን አንብቡ፤ በዳዊቱ አቆጣጠር 87 ነው። ብዙዎቹ የሰቆቃ መዝሙሮች በለቅሶ ጀምረው ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይህኛው አይዞርም። የሚዘጋው ወዳጄንና ባልንጀራዬን ከእኔ አራቅህ በሚል ነው። ከመጽሐፉ ግን ማንም አላወጣውም፣ ሲጸለይበት ኖሯል። ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው የሚናገረው ለእግዚአብሔር ነው፤ መልስ ሳይመጣ ሰሚ አለ ብሎ ይጮኻል። ከዚህ የበለጠ እምነት እኔ አላውቅም። በበኩሌ ቁልፍ ከተሰጠው ሰው ዘፈን ይልቅ ገና ያልተሰጠው ሰው ጸሎት ይበልጥብኛል።

ኢክራም_ቢ

ጋሼ ምንባብ፣ አላህ ይስጥልን፤ ሁሌም ከርስዎ እማራለሁ።

ከእኛ ወገን አህሉ ሱፋን ልጨምር። መዲና ላይ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ውስጥ ጣራ በለበሰ አንድ ጥግ፣ ቤትም ዘመድም የሌላቸው ሰዎች ያድሩ ነበር። መስጊዱ ቤታቸው ነበር። አቡ ሁረይራ ከነሱ አንዱ ነው። ከሶሐቦች (ከነቢዩ ባልደረቦች) ሁሉ ብዙ ሐዲስ፣ ማለትም ስለ ነቢዩ ቃልና ሥራ የሚወራ ዘገባ፣ ያስተላለፈው እሱ ነው፤ ድግግሞሹ ሲቆጠር ከ5,000 ይበልጣል። ሌሎቹ በገበያና በእርሻ ሲባክኑ እሱ ከነቢዩ አጠገብ አይጠፋም ነበርና ሰምቶ ያዘ። ያን ሁሉ ታሪክ በልቡ ያኖረው ቤት ያልነበረው ሰው ነው።

የናንተ ረቂቅ ላይ ግን ቤት የሌለው ሰው ተረጂ ብቻ ነው። የሚሰጠው ነገር የለውም? እኔ ብሆን አምስተኛውን ሰው እንዲህ አደርገው ነበር፦ የራሱን ታሪክ አይናገርም፣ የአራቱን ግን ቃል በቃል ይዞታል። ሲነጋ አንዷ የተናገረችውን ስትክድ እሱ ይመልስላታል።

የማለዳ ዜማ

ኢክራም!! ይህን ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ።

ጉዳይ ተከታታይ

ሥራዬ ሰዎችን ቤት ማስገባት ስለሆነ ስለ ቁልፉ ልናገር። ቁልፉ መሰጠቱ ላይ ጸብ የለኝም። ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አናጺው መጀመሪያ ይጸጸታል፣ ቀጥሎ መጠጥ ይተዋል፣ በመጨረሻ ቤት ይሸለማል። ለአሥርት ዓመታት በብዙ አገሮች የተሠራው እንዲሁ ነበር። ደረጃ በደረጃ፣ ፈተናውን ያለፈ ብቻ። የወደቀ ወደ ታች ይመለሳል፤ ብዙው ሰው ደግሞ ደረጃው ላይ ይቀራል።

በ1992 (እኔም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኒው ዮርክ ላይ ሳም ፀምበሪስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይህን ገለበጠው። መጀመሪያ ቤት፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ። ሕክምናውና ምክሩ አብሮ ይቀርባል፣ ቤቱ ግን በነሱ ላይ አይንጠለጠልም። ሀውሲንግ ፈርስት ይሉታል። በተደረጉት ጥናቶች በዚህ መንገድ የገቡት ሰዎች አብዛኞቹ ቤታቸውን ይዘው ቆይተዋል። ፊንላንድ ከ2008 ጀምሮ የአገር ፕሮግራም አድርጋው የጋራ መጠለያዎቿን ወደ መኖሪያ አፓርታማ እየለወጠች ሄዳለች፤ የቤት አልባዎቹ ቁጥርም ለብዙ ዓመታት ወርዷል። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ሌሊቱን ዕቃውን ሲጠብቅ ያደረን ሰው ጠዋት «ሱስህን ተው፣ ሥራ ፈልግ» ማለት ቀላል ነው። እንቅልፍ ሳይኖር ግን አንዱም አይሆንም።

እግረ መንገዴን፦ አሮጊቷን አታጥፏት። ኪራይ ከገቢ ሲያልፍ ማንም ምንም ሳያጠፋ ይወጣል። ወጣቱንም እንዲሁ። ከማሳደጊያ የወጡ ልጆች ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አይታዩም፤ ዛሬ እዚህ ሶፋ ላይ ነገ እዚያ ናቸው። ማንም አይቆጥራቸውም።

ታዲያ ምክሬ ምንድን ነው፤ ቁልፉን በአንደኛው ገቢር ስጡት። ሳይጸጸት፣ ሳይታጠብ፣ እንደ ቆመ። ሁለተኛው ገቢር ከዚያ በኋላ ያለው ይሁን። ከቁልፉ በኋላ ስላለው ሌሊት የተዘፈነ እኔ አልሰማሁም።

መንገደኛዋ

ከቁልፉ በኋላ ያለውን ሌሊት እኔ ልንገራችሁ፤ እስካሁን የጠየቀኝ ስለሌለ።

ክፍሉ ባዶ ነው። ፍራሽ አለ፤ አልተኛሁበትም። በሩ ሥር ወለሉ ላይ ተኛሁ፣ ጫማዬን እንዳጠለቅኩ፣ ቦርሳዬን በእግሬ መሀል ይዤ። መጠለያ ውስጥ ጫማሽን ካወለቅሽ ጠዋት ላታገኚው ትችያለሽ። አእምሮሽ ቤት መግባትሽን ሰምቷል፤ እግርሽ ገና አልሰማም። ጸጥታው ደግሞ አለ። ያ ሁሉ ሰው ሲያስልና ሲያንኮራፋ እየሰማሽ ስትተኚ ኖረሽ ድንገት ብቻሽን ስትሆኚ ጆሮሽ ይጮኻል። ተነሥቼ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ትንሽ ከፈትኩት፣ እንዲንጠባጠብ። በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ፣ ከፈትኩ፣ እንደገና ቆለፍኩ። በር ከውጭ ሲቆለፍብኝ ለምጄ ነበር፤ ከውስጥ መቆለፍ ሌላ ነገር ነው። «ሰዓት ደርሷል፣ ውጡ» የሚል ሳይመጣ ነጋ።

ደስ አላለሽም? ካላችሁኝ ብሎኛል። ግን ያቺ ቀልደኛዋ እናት እዚያው ነች። አልጋዬ ላይ ሌላ ሰው ገብቷል፤ ማን አጠገቧ እንደተኛ አላውቅም። ዘፈናችሁ ቁልፍ ወደ ላይ በማንሣት ካበቃ ይህ ሁሉ ይቀራል።

ተስፈኛ

እሺ፣ ቁልፉ አንደኛው ገቢር ላይ ይሁን። ተስፋውን ግን አትውሰዱብኝ። ይህች ሴት በሯን ከውስጥ ቆልፋ አድራለች፤ ለኔ ይህ ራሱ ተስፋ ነው፣ የሚያስጨበጭብም ነው።

እንዲያው ልጠይቅ

ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን። ለዘላለም አይሁን እንጂ።

አውጪና ተቀባይ

ቧንቧውን ወሰድኩት! የሁለተኛው ገቢር ምት ከዚያ ይነሣ። ጠብ፣ ጠብ፤ ቀስ ብሎ ከበሮው ይቀበለው።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። ሙያተኛ ካልሆኑ ዘማሪዎች ጋር ነው የምሠራው። ሙዚቃዊ ድራማ የሚፈርሰው ዜማው ስላላማረ አይደለም፤ አራት ሰው በልምምድ ቀን ስለቀረ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን የተሸከመው ነገር አይኑር። በአውጪና በተቀባይ አድርጊው፤ አውጪው ሁለት ስንኝ ይላል፣ ሕዝቡ አዝማቹን ይመልሳል። አዲስ ሰው በመጣበት ቀን ይገባል፣ ማንበብ የማይችለውም በጆሮው ይይዛል። ዜማው ከአንድ ኦክታቭ (ከስምንት ድምፅ ርቀት) አይለፍ፤ ለአዝማቹ ከዚያም ይጥበብ። ከፍተኛውን ድምፅ ሰው ከደከመ በኋላ አታምጪው።

ዋናውን ገጸ ባሕርይም ማካፈል ይቻላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 የተመሠረተው ስትሪትዋይዝ ኦፔራ የተባለ ቡድን በ2016 ማንቸስተር ላይ ከዘ ሲክስቲን ኅብረ ዘማርያን ጋር የጀርመናዊውን አቀናባሪ የባኽን የማቴዎስ ሕማማት አቅርቦ ነበር። ቤት አልባነትን ያዩ ሰዎች የኢየሱስን ቦታ እየተቀባበሉ ያዙት፤ የአንድ ሰው አልነበረም። ባኽ መቃብሩ ላይ ነው የሚያቆመው። እነሱ ግን ትንሣኤውን የሚናገር አዲስ መዝጊያ ጨመሩ፤ ቃሉን ተሳታፊዎቹ ጻፉት፣ ዜማውን ጄምስ ማክሚላን ሠራው። ተስፈኛ፣ ደስ ይበልህ፤ ተስፋውን ያስገቡት ግን ባለቤቶቹ ናቸው። ይህ ልዩነት ለኔ ትልቅ ነው።

ስለ ሰዓት፦ ብዙ መጠለያዎች ከሰዓት በኋላ ሰልፍ ያስይዛሉ፣ ያረፈደ ቦታ ያጣል። ልምምዱን ማታ ካደረጋችሁት ሰውየው ከመዝሙርና ከአልጋ አንዱን ይመርጣል፤ አልጋውን ቢመርጥ «ቁም ነገር የለውም» ትሉታላችሁ። ቀን አድርጉት። መጓጓዣ ክፈሉ፣ የሚበላ ይኑር። ቦርሳ የሚቆለፍበት ቦታም ያስፈልጋል፤ ያለው ሁሉ አንድ ቦርሳ ውስጥ የሆነ ሰው ዓይኑን ከቦርሳው አንሥቶ ወደ አዘጋጁ አያይም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በ1971 ለንደን ላይ ለፊልም ሲቀረጽ አንድ ቤት የሌለው ሽማግሌ አጭር የመዝሙር ቁራጭ ዘመረ። አቀናባሪው ጋቪን ብራያርስ ያቺን ቁራጭ እየደጋገመ ዙሪያዋን በመሣሪያ ገነባት፤ ሥራው ዓለምን ዞረ። ሽማግሌው ሳይሰማው ሞተ። ሙዚቃውን እወደዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ግን ዘማሪው በስሙ አለመጠራቱ ይከነክነኛል። የምትቀርጹትን ሁሉ ከማንም በፊት ለዘመረው ሰው አሰሙ።

የማለዳ ዜማ

ጠፋሁባችሁ፤ ከቡድኑ ጋር ስንከራከር ነበር። ቁልፉ ወደ አንደኛው ገቢር መጨረሻ ሄዷል። የሚቀበለው አናጺው ሳይሆን እናቲቱ ነች። አናጺው መጠጡን አልተወም፤ መዝሙርም አለው፣ ይስቃልም። የአሮጊቷ የቢሮ ትዕይንት በሁለቱ ገቢሮች መሀል በፎረም ቴአትር ይሄዳል። አምስተኛው ሰው የሁሉንም ታሪክ ያዥ ሆኗል። ጋሼ ምንባብ ስሙን ለምን ይደብቃል ላሉት፣ በየፎርሙ ላይ ጽፎት ጽፎት ስለሰለቸው ነው። የሚነግረው ሳይጠይቀው አብሮት ላመሸ ሰው ብቻ ነው፤ ስሙን ማን እንደሚሰማ ግን ገና አልጻፍኩም።

ታሪክ መሰብሰብ አቁመናል። ለሦስት ሳምንት ዘፈን ብቻ እንማራለን፤ የሚያስተምሩትም ከመጠለያው የሚመጡት ናቸው።

ይህ የሁለተኛው ገቢር መክፈቻ ነው፤ በቧንቧው ምት፦

አውጪ፦ በሩን ቆለፍኩት፥ ከፈትኩት፥ ቆለፍኩት፤
የኔ ነው እስኪለኝ ደጋግሜ ሞከርኩት።

ተቀባይ፦ ጠብ ይበል ውኃው፥ ጠብ ይበል፤
ዝምታው ብቻሽን ነሽ እንዳይል።

አውጪ፦ ጫማዬን ልፍታ ስል እግሬ አላመነኝም፤
ይህ ወለል ያንተ ነው ብለው አልሰማኝም።

ተቀባይ፦ ጠብ ይበል ውኃው፥ ጠብ ይበል፤
ዝምታው ብቻሽን ነሽ እንዳይል።

አውጪ፦ አምላኬ፥ ልትጎበኘኝ ብቻህን አትምጣ፤
እዚያ የቀረችውን ይዘሃት ና፥ እሷም ትውጣ።

ምንባብ

የመጨረሻዋ ስንኝ ጸሎት ናት፤ ሌላ ስብከት አትጨምሩባት።

መንገደኛዋ

ጫማ አይፈታም፤ ክር ነው የሚፈታው፣ ጫማ ይወልቃል። «ላውልቅ» በይው። የቀረውን አትንኪው።

ሌላ ሦስት ነገር አለኝ። የቡድኑ ሹፌርና ድምፅ ተቆጣጣሪው የሚከፈላቸው ከሆነ እኛም እንከፈል፤ «ልምድ ታገኛላችሁ» አይባል። ሐሳቤን ብቀይር በትርኢቱ ዋዜማም ቢሆን የኔ የሆነው ነገር ይውጣ፤ ለዚያ የሚሆን መተኪያ መዝሙር አዘጋጁ። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ «የመጠለያው ነዋሪዎች» ተብሎ በጅምላ እንዳይጻፍ። ስሙን የፈለገ በስሙ፣ ያልፈለገ በመረጠው ስም ይጻፍ።

የማለዳ ዜማ

ላውልቅ፤ ተስተካክሏል። ሦስቱንም ተቀብለናል። መተኪያ መዝሙሩን ማን ይሠራዋል? አውጪና ተቀባይ?

አውጪና ተቀባይ

ሁለት እሠራለሁ። ቃል አልባ ይሆናሉ፤ በማንኛውም ቦታ እንዲገቡ።

እንዲያው ልጠይቅ

ድራማው ሰው ይለውጣል ብዬ አሁንም አላምንም። የቦርሳው ነገር ግን ተቀምጦብኛል። እንጨት እሠራለሁ፣ ትርፍ ጣውላ አለኝ። የሚቆለፉ ሣጥኖች ለልምምዱ ቦታ ልሥራ፤ ሲያልቅ ለመጠለያው ይሂዱ። ስንት ይበቃል?

የማለዳ ዜማ

ሃያ ብናገኝ ለሁሉም ይደርሳል። ልኩን ግን እኔ አላውቀውም።

መንገደኛዋ

የክረምት ካፖርትና ብርድ ልብስ አብረው መግባት አለባቸው። ትንሽ የጫማ ሣጥን ይዘህ እንዳትመጣ። ከታች ቀዳዳ አብጅለት፤ እርጥብ ካልሲ አየር ካላገኘ ይሸታል።

እንዲያው ልጠይቅ

ቀዳዳውን አላሰብኩትም ነበር። ቁመቱን በክንድ ሳይሆን በሴንቲሜትር ላኪልኝ፤ ቅዳሜ እቆርጣለሁ።